ፊገር ከመቆሚያው እንዳይነቀል፦ ከግዢ እስከ ሣር ተከላ ደረጃ በደረጃ

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ልጅ ከኮምቦልቻ ሠላሳ ፈረሰኛ ፊገር፣ ማለትም ለጠረጴዛ የጦርነት ጨዋታ የሚሰለፉ ትንንሽ የወታደር ቅርጾች፣ በጫማ ካርቶን ይዞልን መጣ። የሐረጎን አቀበት በሚኒባስ ወጥቶ ነው ደሴ የደረሰው። ካርቶኑን ስንከፍተው አሥራ አንዱ ተነቅለዋል። አንዱ ፈረስ የፊት እግሩ የለም። አሸዋው ረግፎ ጥግ ላይ ተከምሯል። መቆሚያዎቹ ደግሞ እንደ ደረቀ እንጀራ ጠርዛቸው ተቆልምሟል። የልጁ ቀለም አቀባብ ግን እኔ ራሴ የምቀናበት ነው።

በጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ የሚጫወት ሰው ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ቀለሙ ሳይሆን መቆሚያው ነው። ምክንያቱም ሁለት ነው። አንደኛ፣ መቆሚያው የሚታሰበው ፊገሩ ከተገዛ በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ አንዱ ሥራ ሳይደርቅ ሌላው ይደረብበታል። ከታች ያለውን ቅደም ተከተል ሳትዘሉ ከሄዳችሁ ሁለቱም ይቀራሉ።

ለምሳሌ የምይዘው የአሮጌን ውጊያ ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ መቅደላ ሥር አሮጌ በሚባለው ቦታ፣ እዚሁ ወሎ፣ በአፄ ቴዎድሮስና በእንግሊዝ ጦር መካከል የተደረገውን። እናንተ ሌላ ውጊያ ብትመርጡም ሥራው ያው ነው።

ደረጃ 1፦ ብር ሳታወጡ ወረቀት ላይ ወስኑ

ውጊያውን ምረጡ። “የኢትዮጵያ ጦር” ብላችሁ በጅምላ ገዝታችሁ መቅደላንም ዐድዋንም ሰገሌንም አትጫወቱበትም። በ1860 አሮጌ ላይ የቆመ የእንግሊዝ ወታደር በ1888 ዐድዋ ላይ ምንም ሥራ የለውም።

ቀጥሎ ሒሳብ ሥሩ። ብዙ ሰው የሚጀምረው ከዐድዋ ነው፤ ልቡ ስለሚፈቅድ። ጣሊያን ዐድዋ ላይ ያሰለፈው ወደ 17,700 ሰው ነበር። አንድ ፊገር 100 ሰው ይወክላል ብትሉ እንኳ 177 ፊገር ነው። የኢትዮጵያ ጦር ወደ 100,000 ከተያዘ ደግሞ 1,000 ፊገር። በወር አሥር ብትጨርሱ ስምንት ዓመት ከአራት ወር ይፈጃል። እኔ ይህን ሒሳብ የሠራሁት 60 በርሳልዬሪ (የጣሊያን ቀላል እግረኛ) ከገዛሁ በኋላ ነው። እናንተ ቀድማችሁ ሥሩት።

አሮጌ ላይ የተዋጋው የእንግሊዝ ጦር ወደ 2,000 ገደማ ነው። አንዱ ፊገር 50 ሰው ቢሆን 40 ፊገር ይበቃል። የቴዎድሮስ ሰው ብዙ ሺህ ነው። ሁሉንም በልክ ከማሰለፍ 100 ፊገር ሥሩና ተመቶ የወጣውን ክፍል በሚቀጥለው ዙር ከጠረጴዛው ጠርዝ መልሳችሁ አስገቡት። ማዕበል ይመስላል። ወጪውም ይቀንሳል።

ከዚያ ልኩን ወስኑ። የተለመዱት 28 ሚሊሜትር፣ 15 ሚሊሜትርና አንድ ሰባ ሁለተኛ (1/72) የሚባለው ለስላሳ ፕላስቲክ ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አንዱ አምራች 28 ሚሊን የሚለካው ከእግር እስከ ዓይን ነው፣ ሌላው እስከ አናት። ስለዚህ ሁለቱም “28” ብለው የሸጡላችሁ ወታደሮች ጎን ለጎን ሲቆሙ አንዱ የሌላው ታናሽ ወንድም ይመስላል። መጀመሪያ አንድ እሽግ ብቻ ግዙና አመሳክሩ።

መጨረሻ ላይ የመቆሚያውን መጠን ጻፉ። ሰው የሚዘለው ይህችን ናት። የምትጫወቱበት ሕግ መጠን ካላስገደደ በስተቀር ለ28 ሚሊ እንዲህ አድርጉ፦ ለእግረኛ 25 ሚሊሜትር ክብ፣ ለፈረሰኛ 25 በ50። በቡድን የሚለጠፍ ከሆነ ብዙዎቹ የቆዩ ሕጎች ለ15 ሚሊ 40 ሚሊሜትር፣ ለ28 ሚሊ 60 ሚሊሜትር ስፋት ይጠይቃሉ። ካልቆረጣችሁ ነጠላ መቆሚያ ሥሩና ትሪ ላይ ሰብስቧቸው። ነጠላውን ወደ ቡድን መሰብሰብ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። በቡድን የተለጠፈውን መነጣጠል ግን የአንድ ሳምንት ጣጣ ነው።

ደረጃ 2፦ ግዢ

ደሴ ፒያሳ ወርዳችሁ የምትገዙት ነገር አይደለም። አብዛኛው የሚመጣው ዘመድ ከውጭ ሲመጣ በሻንጣ ነው። የሻንጣ ኪሎ ደግሞ የሰው ኪሎ ነው፤ ይሉኝታ አለው። የብረት ፊገር ይከብዳል፣ ጠንካራ ፕላስቲክ ቀላል ነው። ሰውየውን ማስቸገር ካልፈለጋችሁ ፕላስቲኩን አብዙ፤ ብረቱን ለአለቆችና ለፈረሰኞች ብቻ አድርጉት። ሣጥኑን ጥሎ እሽጉን ብቻ እንዲያመጣ ንገሩት። የመገጣጠሚያ ወረቀቱን ግን እንዳይጥለው፣ አደራ።

ከማዘዛችሁ በፊት ፎቶውን አጉልታችሁ እነዚህን ተመልከቱ።

ጠመንጃውን። አሮጌ ላይ እንግሊዞች የያዙት ስናይደር ነው። ስናይደር ከጎኑ ወደ ላይ የቆመ መዶሻ አለው፤ በ28 ሚሊ ፊገር ላይ የጤፍ ፍሬ ብታህል ነው። ማርቲኒ ሄንሪ ይህ መዶሻ የለውም፤ ከቃታው ሥር የሚወርድ ማንሻ ነው ያለው። በገበያ በብዛት የሚገኘው ቀይ ኮት የለበሰው የዙሉ ጦርነት እንግሊዛዊ ማርቲኒ ነው የሚይዘው። ማርቲኒ በእንግሊዝ ጦር የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1871 ነው፤ መቅደላ ካለቀ በኋላ። ርካሽ ሆኖ ብታገኙትም እለፉት።

የሐበሻውን ልብስ። ለሱዳን መሐዲስቶች የተሠራ ፊገር “ሐበሻም ይሆናል” ተብሎ ይሸጣል። ልብሱ ላይ የተጣፉ አራት ማዕዘን እራፊዎች ካያችሁ አይሆንም። ያልተጣፈ ከሆነ ሸማ አልብሳችሁ ትጠቀሙበታላችሁ። አለባበሱን ደረጃ 3 ላይ አሳያችኋለሁ።

የፈረሰኛውን እግር። የወሎ ሰው ሆኖ ይህን ማሳለፍ ነውር ነው። የእኛ ፈረሰኛ ጫማ የለውም። እርካቡ ትንሽ ቀለበት ናት፤ አውራ ጣቱን ብቻ ነው የሚያስገባባት። ቦቲ ጫማ የተጫማ ፈረሰኛ ከደረሳችሁ ጫማውን በሞረድ አጥባችሁ እርካቡን በቀጭን ሽቦ መልሳችሁ ሥሩት።

ዕቃው ሲደርስ ያመጣው ሰው ቡናውን ጠጥቶ ሳይነሳ ቁጠሩት። በኋላ “ሁለት ጎደለ” ብሎ መደወል አይመችም።

ያገለገለ ፊገር ስትገዙ የድሮ እርሳስ ሊሆን ይችላል። ላዩ ላይ ግራጫ ወይም ነጭ ዱቄት የሚመስል ነገር ካለው አትግዙ። እርሳሱ እየተበላ ነው። ዱቄቱም መርዝ ነው።

ደረጃ 3፦ ማጠብ፣ መሞረድ፣ ማልበስ

ፊገሮቹን ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቡ። ከፋብሪካ የመጣ ቅባት አለባቸው፤ ካልታጠበ ቀለሙም ማጣበቂያውም አይይዝም። አንድ ሌሊት አድርቁ።

ከዚያ በጎናቸው የሚሄደውን የሻጋታ መስመር በጥሩ ሞረድ ወይም በምላጭ ጀርባ ፋቁ። ብረቱን ውሃ አስነክታችሁ ሞርዱ፤ ብናኙ አይነሳም። ምግብ በሚበላበት ጠረጴዛ ላይ አትሥሩ። ስትጨርሱ እጃችሁን ታጠቡ። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ፍቅፋቂውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉና ጨርቁን ጣሉ። የእግሩን ሥር ጠፍጣፋ እስኪሆን በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉ። ፊገሩ ያለ ማጣበቂያ ብቻውን መቆም አለበት። ብቻውን የማይቆም ፊገር በማጣበቂያም አይቆምም።

ሸማው እንዲህ ነው። ሶፍት ውሰዱና ድርቡን ለዩት፤ አንዱን ስስ ሽፋን ብቻ ነው የምትፈልጉት። 12 በ25 ሚሊሜትር አድርጋችሁ ቁረጡ። ነጩን የአናጢ ኮላ በእኩል ውሃ በጥብጡ። ሶፍቱን እጃችሁ ላይ ሳይሆን ፊገሩ ላይ አድርጋችሁ በብሩሽ አርጥቡት፤ እጃችሁ ላይ ካረጠባችሁት ገንፎ ይሆናል። በትከሻው ላይ ጣሉት፣ በብሩሹ ጫፍ እጥፋቱን ግፉ፣ ጫፉን ወደ ኋላ ልቀቁት። አንድ ሌሊት ይደር። በማግስቱ ቀጭን ሱፐር ግሉ አንድ ጠብታ ብትነኩት እንደ ፕላስቲክ ይጠነክራል። ለመኳንንቱ ቀለም ስትቀቡ አንድ ሰፊ ቀይ ጥለት ሳቡበት፤ ጃኖ ሆነ ማለት ነው። ለሁሉም ካደረጋችሁት ግን ጦሩ በሙሉ መኳንንት ይሆናል።

ደረጃ 4፦ መቆሚያውን መቁረጥ

ሁለት ምርጫ አለ፤ ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ ሰሌዳ) ወይም ሮንዴላ (ከብሎን ሥር የሚገባው የብረት ቀለበት)።

ኤምዲኤፉን ከቤት ዕቃ ሠሪዎች ጠይቁ። የቁም ሣጥን ጀርባ የሚሸፍኑበት 3 ሚሊ ቁራጭ ይጥላሉ። 2 ሚሊ ከተገኘ ይሻላል። ቆርጣችሁ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉ። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ይቀመጣል።

አሁን የዚያ ልጅ ስሕተት። ካርቶንም ኤምዲኤፍም በአንድ ፊቱ ኮላና ውሃ ሲቀባ ያ ፊት ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ መቆሚያውም ይቆለመማል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ምንም ነገር ከመለጠፋችሁ በፊት ከላይም ከታችም፣ ጠርዙንም ቀጭን ቫርኒሽ ወይም ቀለም ቀቡት። ሁለቱም ፊት እኩል ከታሸገ አይቆለመምም። ካርቶንን እርሱት። የብስኩት ካርቶን ነው ኮምቦልቻዊውን ጉድ የሠራው።

ሮንዴላ ከብረታ ብረት ሱቅ 25 ሚሊ ስፋት ያለውን ግዙ። ክብደቱ ፈረሰኛን ከመገልበጥ ያድናል። ስትገዙ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፤ የማይስብ ከሆነ ለደረጃ 9 አይጠቅማችሁም። መሐሉ ላይ ያለውን ቀዳዳ ከሥር በፕላስተር ዝጉና ከላይ በኢፖክሲ ሙሉት። ላዩን በብርጭቆ ወረቀት ጫሩት፤ ለስላሳ ብረት ማጣበቂያ አይይዝም።

ደረጃ 5፦ ማጣበቅ

እዚህ አትቸኩሉ። ሐረጎ ላይ የሚነቀለው እዚህ የተቸኮለበት ነው።

ለጠንካራ ፕላስቲክ በፕላስቲክ መቆሚያ ላይ ከሆነ ፕላስቲክ አቅልጦ የሚያያይዘውን ማጣበቂያ ተጠቀሙ። ብረት ላይ ግን ምንም አይሠራም።

ለብረት በኤምዲኤፍ ላይ ሱፐር ግሉ ብቻውን አይበቃም። ሱፐር ግሉ ሲጎተት ይችላል፣ ሲመታ ግን እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ስለዚህ ሚስማር አስገቡለት። በ1 ሚሊ ፑንታ፣ በእጅ በሚሽከረከር መያዣ፣ በአንዱ እግር ሥር 4 ሚሊ ያህል ብሱ። በትራፓኖ አትሞክሩት፤ የፊገሩን ቁርጭምጭሚት ይዞት ይሄዳል። አግራፍ ቀጥ አድርጋችሁ 8 ሚሊ ቁረጡ። ግማሹን እግሩ ውስጥ በሱፐር ግሉ ትከሉ። የቀረውን ጫፍ በቀለም ነክራችሁ መቆሚያው ላይ አስቀምጡት፤ ነጥቧ የት እንደምትበሱ ትነግራችኋለች። ብሱ፣ አጣብቁ፣ አሥር ደቂቃ አትንኩት።

ለፈረስ ሁለት እግሮቹን ሚስማር አድርጉለትና ከሱፐር ግሉ ይልቅ ባለ ሁለት ቱቦ ኢፖክሲ ተጠቀሙ። እኩል ለእኩል ደባልቁ። ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ከ24 ሰዓት በኋላ ነው። “በአምስት ደቂቃ ይደርቃል” የሚለው ጽሑፍ ማጣበቅ መጀመሩን ነው እንጂ መጨረሱን አይነግራችሁም።

ለአንድ ሰባ ሁለተኛው ለስላሳ ፕላስቲክ በደንብ በሳሙና አጥባችሁ፣ ከእግሩ ሥር የመጣውን ትንሽ ጠፍጣፋ ሳትቆርጡ ለጥፉት። እሱን ቆርጦ እግሩን ብቻ ማጣበቅ ድካም ነው።

ሱፐር ግሉ ጣታችሁን ካጣበቀ አብሽሩ። ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ነክራችሁ ቀስ ብላችሁ አንከባልሉት። አትገንጥሉ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይረዳል፣ ወደ ዓይን ግን አይጠጋ።

ደረጃ 6፦ አሸዋ

በመጀመሪያ አፈር አትጠቀሙ። የእኛ መረሬ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በበጋ ማሳ ላይ ያያችሁት ስንጥቅ ነው ትንሽ ሆኖ መቆሚያችሁ ላይ የሚመጣው።

የወንዝ አሸዋ ያዙ። እኔ ከቦርከና ዳር ነው የማመጣው። ውሃው ጥርት እስኪል ሦስት አራት ጊዜ እጠቡት። ከዚያ አርባ ደቂቃ ያህል በአሮጌ ቆርቆሮ ላይ ቁሉት፤ እንቁላልም ዘርም ሻጋታም ካለው ይሞታል። አሮጌ ቆርቆሮ አልኩ። እኔ የመጀመሪያውን የቆላሁት በእማዬ የቡና መቁያ ነው። አጥቤ መልሼዋለሁ፤ በደንብ አላጠብኩትም። በማግስቱ ሁለተኛው ላይ ቀጭ ሲልባት ስኒውን አስቀምጣ፣ “አንተ ልጅ፣ የጦርህን አፈር ነው የምታጠጣኝ?” አለችኝ።

አሸዋውን በዱቄት ወንፊት ንፉና ያለፈውንና የቀረውን ለየብቻ አስቀምጡ። ያለፈው መሬት ነው። የቀረው ጠጠር ነው። ለ28 ሚሊ ሁለቱን ደባልቁ፤ ለ15 ሚሊ ያለፈውን ብቻ ተጠቀሙ። 15 ሚሊ ሰው ሥር ጠጠር ካስቀመጣችሁ ቋጥኝ ላይ የቆመ ይመስላል።

ማስጠንቀቂያ፦ የሚበላ ነገር መቆሚያ ላይ አታድርጉ። እኔ አንድ ጊዜ ጤፍ ነስንሼ ነበር። በ28 ሚሊ ጤፍ ልክ እንደ ጠጠር ነው፣ በጣም ያምራል። ከሦስት ሳምንት በኋላ አይጥ አንድ ሙሉ የበርሳልዬሪ ክፍል መቆሚያውን ልሶት አደረ። ኮላውንም አልማረም።

አሁን ሥራው። በፊገሩ እግርና በመቆሚያው መካከል ደረጃ ካለ መጀመሪያ በኢፖክሲ ሊጥ ወይም በወፍራም የግድግዳ ስቱኮ ሙሉት። ካልተሞላ ወታደሩ ትሪ ላይ የቆመ አስተናጋጅ ይመስላል። ይድረቅ። ያልተቀጠነ ኮላ በአሮጌ ብሩሽ ቀቡ፤ ጫማውን፣ ወይም ባዶ እግሩን፣ አትንኩ። ጠጠሩን መጀመሪያ በጣት አስቀምጡ፣ ከዚያ አሸዋውን ነስንሱ፣ ገልብጣችሁ ጠርዙን መታ መታ አድርጉ። አሁን ተዉት። ኮምቦልቻ ከሆናችሁ እስከ ማታ ይደርቃል። ደሴ በሐምሌ ከሆናችሁ እስከ ነገ ማታ።

ሲደርቅ ኮላ አንድ እጅ፣ ውሃ አንድ እጅ፣ ፈሳሽ ሳሙና አንድ ጠብታ ደባልቁ። ሳሙናዋ ውሃው እንዳይድበለበልና አሸዋው ውስጥ እንዲሰርግ ታደርጋለች። በሲሪንጅ ጠብ ጠብ አድርጉበት። በብሩሽ አትቀቡ፤ አሸዋው ተጠርጎ ይነሳል። እንደገና ይድረቅ። ካርቶኑ ጥግ የተከመረው አሸዋ ይህ ደረጃ የተዘለለበት ነው።

ደረጃ 7፦ ቀለም

ፕራይመሩን፣ ማለትም ከሌላው ቀለም በፊት የሚነፋውን የመሠረት ቀለም፣ ፊገሩንም አሸዋውንም አንድ ላይ ንፉ። ለዚህ ነው አሸዋውን ያስቀደምኩት፤ ፕራይመሩ ራሱ አንድ ተጨማሪ ማያያዣ ይሆናል። ተጠጋግተው የሚቆሙ ከሆኑና ብሩሽ የማይገባ ከሆነ ብቻ ፊገሩን ቡሽ ላይ አቁማችሁ መጀመሪያ ቀቡት።

መሬቱን ሦስት ጊዜ ቀቡ። መጀመሪያ የሁሉንም ጥላ የሚሆን ጥቁር ቡናማ፣ ቀጠን አድርጋችሁ። ሲደርቅ መካከለኛውን በብሩሽ ያዙና ብሩሹን ጨርቅ ላይ ጠርጋችሁ ቀለሙ ሊያልቅ ሲል አሸዋውን ዳበስ ዳበስ አድርጉ። ጉልላት ጉልላቱን ብቻ ይነካል። በመጨረሻ በጣም ቀላል በሆነ የአቧራ ቀለም ድገሙት። ጠርዙን በአንድ ቀለም ጨርሱ፤ ሁሉም ወታደር አንድ ዓይነት ጠርዝ ይኑረው።

የመሬቱ ቀለም ከቦታው ይምጣ። የመቅደላ አካባቢ ድንጋይ ጠቆር ያለ ጥቁር ድንጋይ ነው። ወደ ግራጫ ሂዱ። ዐድዋ ከሆነ ወደ ቀይማ ቡናማ። ከውጭ በሚመጡ ፎቶዎች ላይ እንደምታዩት የእንግሊዝ ሜዳ አረንጓዴ አታድርጉት፤ ስንቱ ሐበሻ ፊገር ነው የስታዲየም ሣር ላይ ቆሞ ያየሁት።

ደረጃ 8፦ ሣርና ቁጥቋጦ

ሣሩ ከወሩ ጋር ይሂድ። ዐድዋ የካቲት 23 ነው፤ ሣሩ ደርቆ ገለባ ሆኗል። አሮጌ ሚያዝያ 3 ነው፤ በእኛ አገር የበልግ ወር ነው፤ በውጊያውም ቀን ነጎድጓድና ዝናብ ነበር። ስለዚህ ደረቁ ሣር መካከል አልፎ አልፎ አንድ ሁለት አረንጓዴ ቡቃያ ይገባል። ከዚያ አይብዛ።

ሣሩን ከቃጫ ገመድ ሥሩት። 4 ሚሊ ያህል ቆርጣችሁ፣ በጣት አፍታታችሁ፣ ጫፉን ያልተቀጠነ ኮላ ነክራችሁ አቁሙት። እስኪይዝ በወረንጦ ደግፉት። ደርቆ ሲቆም በመቀስ ከላይ አበላልጡት፤ እኩል ከተቆረጠ የጥርስ ብሩሽ ይመስላል። ቀለም ከፈለጋችሁ ቃጫውን ከመቁረጣችሁ በፊት ንከሩት። ጭድ አትጠቀሙ፤ ነቀዝም አይጥም ይወደዋል።

በአንድ መቆሚያ ላይ ከሦስት ጉብ አይለፍ። መሬቱ መታየት አለበት። የቴዎድሮስን መድፍ ከሠራችሁ ከፍ ያለ መቆሚያ ሥሩለት፤ መድፎቹ ይተኩሱ የነበሩት ከላይ ከፋላ ተራራ ነውና ሜዳው ላይ አታስቀምጡት።

ቫርኒሹን ሣሩን ከመትከላችሁ በፊት ንፉ። ማቱን (የማያብረቀርቀውን) ቫርኒሽ ደሴ በክረምት፣ ጉሙ ከጦሳ ሲወርድ፣ ውጭ ወጥቶ መንፋት ማለት ጦሩን በሙሉ አመድ መንፋት ማለት ነው። እርጥበቱ ቫርኒሹ ውስጥ ይያዝና ነጭ ዳመና ይሆናል። ደረቅ ቀን ጠብቁ። ካልሆነም ኮምቦልቻ ወርዳችሁ ንፉ፤ ወይም የሚነፋውን ትታችሁ በብሩሽ የሚቀባውን ተጠቀሙ። ሁልጊዜም መጀመሪያ በአንድ በማትወዱት ፊገር ሞክሩ። ክፍት ቦታ ላይ፣ ከእሳት ራቅ ብላችሁ ንፉ።

ደረጃ 9፦ ማስቀመጥና ማጓጓዝ

የጫማ ካርቶን ለጫማ ነው። ጠንካራ ሣጥን ያዙና ወለሉን በላሜራ ቁራጭ ሸፍኑ። ኤምዲኤፍ መቆሚያ ከሆነ ከሥሩ ትንሽ ማግኔት በኢፖክሲ ለጥፉ። ሮንዴላ ከሆነ ግልባጩን አድርጉ፤ ከማስታወቂያ ቤት የማግኔት ሉህ ቁራጭ ገዝታችሁ የሣጥኑ ወለል ላይ ዘርጉት።

ከጉዞ በፊት ፈትኑት። ሣጥኑን ክዳኑን አውልቃችሁ ከአልጋ በላይ ገልብጡት። የወደቀ ካለ ማግኔት ጨምሩለት። ምንም ካልወደቀ ለሐረጎ ደርሷል።

ከተበላሸስ?

መቆሚያው ከተቆለመመ፦ ሥሩን በውሃ አርጥቡት፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አድርጉት፣ ጠርዝ ጠርዙን ከላይ በከባድ ነገር ጫኑት፣ ለሁለት ቀን ተዉት። ሲደርቅ ሥሩን ቫርኒሽ ቀቡ። ካልተመለሰ ቁረጡና አዲስ መቆሚያ ላይ ትከሉት።

መቆሚያውን መቀየር ከፈለጋችሁ፦ ሱፐር ግሉ ከሆነ ፊገሩን በፌስታል ጠቅልላችሁ ሁለት ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት። ሲቀዘቅዝ ማጣበቂያው ተሰባሪ ይሆናል፣ በምላጭ ጀርባ ገፋ ሲደረግ ቀጭ ብሎ ይለቃል። ነጭ ኮላ ከሆነ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይደር። አሴቶን ለብረት ፊገር ብቻ ነው። ፕላስቲኩን ወደ ማስቲካ ይለውጠዋል።

ከሱፐር ግሉ አጠገብ ነጭ ጭጋግ ከተነሳ፦ የተዘጋ ሣጥን ውስጥ አድርቃችሁት ነው። ቀለም ካልተቀባ ችግር የለም፣ ፕራይመሩ ይሸፍነዋል። ከተቀባ በቀጭን የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ንኩት፤ አብዛኛው ይጠፋል። ከዚያ ማቱን ከላይ።

ቫርኒሹ ዳመና ከሆነ፦ አትፋቁት። ደረቅ ቀን ጠብቃችሁ ቀጠን ያለ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ በብሩሽ ቀቡበት፤ ብዙ ጊዜ ዳመናው ይገፈፋል።

ሻጋታ ከወጣ፦ አሸዋው አልተቆላም ወይም ኮላው ሳይደርቅ ሣጥን ውስጥ ገብቷል። የበሰበሰውን ፋቁ፣ ፀሐይ ላይ አድርቁ፣ ከደረጃ 6 ጀምሩ። ሌሎቹን ከእሱ አርቁ።

የፈረስ እግር ከተሰበረ፦ ቁራጩ ካለ በ0.8 ሚሊ ፑንታ ሁለቱንም በስታችሁ ሽቦ አስገቡ። ሽቦው ካልተስማማ አንዱን ቀዳዳ በጥቂቱ አስፉና በኢፖክሲ ሙሉት። የዚያን ልጅ የፈረስ እግር ግን ካርቶኑንም ሚኒባሱንም ፈልገን አላገኘነውም። በመጨረሻ እስከ ጉልበቱ የቃጫ ቁጥቋጦ ተከልንበት። አሁን ጠረጴዛው ላይ ሲቆም እንቅፋት የሚዘል ነው የሚመስለው።